ሽልማትና ቅጣት በትምህርት ክፍል

ሕፃናትን በአንድ ክፍል ሰብስቦ የሚያስተምር ሰው ሁለት ሥራ አለበት፤ ይኸውም የተጋውን ማበረታታትና ያጠፋውን ማረም ነው። ሁለቱም እንደ መድኃኒት ናቸውና መጠናቸው ካልታወቀ ከመጥቀም ይልቅ ይጎዳሉ።

በአብነቱም በዘመናዊውም ትምህርት ቤት ያለፍን እኛ ሁለቱንም አይተናል። በፊደል ቤት አለንጋ ከየኔታ እጅ አይታጣም ነበር፤ ነገር ግን አንድ ልጅ ዳዊት በደገመ ጊዜ ወላጆቹ ደግሰው መምህሩንና ጓደኞቹን ያበላሉ። የጨረሰው ይመሰገናል፤ ያልጨረሰውም ከማዕዱ ተካፍሎ የእርሱ ቀን እንዲደርስ ይተጋል። በዛሬው ትምህርት ቤት ግን በዓመቱ መጨረሻ የሚሸለሙት ብዙውን ጊዜ ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡት ብቻ ናቸው። ከ40 ተነሥቶ 60 ያመጣው ልጅ ድካሙን የሚያይለት አያገኝም።

ሽልማት ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። በ1973 እ.ኤ.አ. ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንት በአሜሪካ ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናትን መርምረው ነበር። ብትሥሉ ትሸለማላችሁ ተብለው የሣሉት ልጆች፣ ሽልማቱ ካለፈ በኋላ ለሥዕል የነበራቸው ፍላጎት ቀነሰ፤ ሳይነገራቸው በድንገት የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልጎደለም። እንግዲህ ልጅ ያልለመደውን ሥራ ለማስጀመር ጥቂት ሽልማት ቢረዳም፣ አስቀድሞ በፍቅር የሚሠራውን በደመወዝ ማሠራት አይገባም። ምስጋናም ሥራውን ለይቶ የሚያሳይ ይሁን። «ጎበዝ» ብሎ ከማለፍ ይልቅ፣ «ስሌቱን ደግመህ ስላየህ ስሕተትህን ራስህ አገኘህ» ማለት ልጁን ነገም እንዲደግመው ያስተምረዋል።

ስለ ቅጣት ደግሞ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል። ይህ ማለት እርማት ቀረ ማለት አይደለም። በትርን ብቻ የፈራ ልጅ የሚማረው ጥፋትን መተው ሳይሆን ጥፋትን መሸሸግ ነው፤ ከዚያም ሐሰት ይለምዳል። የጓደኛውን ደብተር የቀደደ ልጅ ቢንበረከክ ደብተሩ አይመለስም፤ የጠፋውን ትምህርት ተቀምጦ ቢገለብጥለት ግን ያጠፋውን በገዛ እጁ ይክሳል። ትምህርት የሰለቸውንም ልጅ በረበሸ ቍጥር ከክፍል ማስወጣት የተመኘውን መስጠት ነው፤ ነገም ለመውጣት ሲል ይረብሻል።

ስለዚህ ቅጣት አስቀድሞ የታወቀ፣ አነስተኛ፣ ለባለጠጋውም ለድኻውም ልጅ እኩል ይሁን። በቍጣ ሰዓት አይፈረድ። ከሁሉም በላይ ቅጣቱን የፈጸመ ልጅ በማግሥቱ በጥፋቱ ስም አይጠራ፤ «ሌባው» እየተባለ የሚጠራ ልጅ ለመታረም ምክንያት ያጣልና።

አባቶችና እናቶች ሆይ፣ ይህ ሥራ ለመምህር ብቻ የተተወ አይደለም። ልጃችሁ ማታ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ስንተኛ እንደ ወጣ ከመጠየቃችሁ በፊት፣ ትናንት ያቃተው ዛሬ የቀናው ምን እንደ ሆነ ጠይቁት። መልሱንም ታግሣችሁ ስሙት።