«ሲስተም የለም» እንዳይባል

ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ አዲስ የድርጅት ሶፍትዌር ሲነደፍ ክርክሩ የሚጀምረው «ሥራውን ስንት ቦታ እንከፋፍለው?» ከሚለው ነው። ሦስቱ እርከኖች፣ ማለትም ተጠቃሚው የሚያየው ገጽ፣ የሥራው ደንብ የሚፈጸምበት መካከለኛ ክፍልና ዳታቤዙ፣ ማንም የማይከራከርባቸው መነሻ ናቸው። ከዚያ መካከለኛው ክፍል ራሱ ይበታተናል፤ ለደንበኛ መዝገብ አንድ ሰርቪስ፣ ለክፍያ ሌላ፣ ለመልእክት ሌላ። ሰርቨሮቹ አሽበርን አካባቢ ጎን ለጎን ስለተቀመጡ አንዱ ሌላውን ጠይቆ መልስ እስኪያገኝ ቢፈጅ አንድ ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። በመካከል ኔትወርክ መኖሩ ይረሳል።

አዲስ አበባ ካሉ የሙያ ጓደኞቼ ጋር በየጊዜው ንድፍ እናያለን። በቅርቡ የተነጋገርነው በክልል ከተሞች ቅርንጫፎች ስላሉት የቁጠባና ብድር ተቋም ነበር። እዚያ ከሁሉ በፊት የሚነሣው ጥያቄ «መስመር ሲቋረጥ መስኮት ላይ ያለችው ገንዘብ ተቀባይ ምን ትሠራለች?» የሚል ነው። ጥያቄው የመጣው ከኑሮ ነው፤ «ሲስተም የለም» ተብሎ ከባንክ ያልተመለሰ ሰው አገር ቤት ማግኘት ይከብዳል። ትክክለኛው መነሻ ይኼኛው ነው ባይ ነኝ።

የሚያሳስበኝ አንዳንድ ወጣት ነዳፊዎቻችን ይህን ጥያቄ ትተው የትልልቅ ኩባንያዎችን ማይክሮሰርቪስ፣ ማለትም ሥራውን በትንንሽ ሰርቪሶች መበታተንን፣ እንዳለ መውሰዳቸው ነው። የኮምፒውተር ባለሙያው ፒተር ዶይች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሰን ማይክሮሲስተምስ ኩባንያ ሳለ ከዘረዘራቸው የነዳፊዎች የተሳሳቱ ግምቶች የመጀመሪያው፣ ኔትወርክ ሁልጊዜ አስተማማኝ ነው ብሎ ማሰብ ነው። የሶፍትዌር ንድፍ ጸሐፊው ማርቲን ፋውለርም እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው መጽሐፉ፣ ካልተገደዳችሁ በቀር ሥራውን በየማሽኑ አትበትኑ ሲል አጥብቆ መክሯል። አማዞን ፕራይም ቪዲዮ ራሱ የቪዲዮ ጥራት መከታተያውን ከተበታተኑ ክፍሎች ወደ አንድ ፕሮግራም ሰብስቦ ወጪውን ከ90 በመቶ በላይ እንደቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2023 ጽፏል።

ሰርቨሩ ቨርጂኒያ የሚቀመጥ ከሆነ ርቀቱም ይሰላ። ከአዲስ አበባ ቨርጂኒያ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ስለዚህ መስመሩ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ ደርሶ መልሱ ከ110 ሚሊ ሰከንድ አያንስም። እውነተኛው መስመር ደግሞ በጎረቤት አገር በኩል ባሕር ደርሶ ዞሮ ነው የሚሄደው። አንድ ገጽ ለመከፈት 20 ጊዜ በተራ የሚጠይቅ ከሆነ ከሁለት ሰከንድ በላይ በመንገድ ላይ አለቀ ማለት ነው። ሁሉንም በአንድ ጥያቄ ማምጣት ወይም ለቅርንጫፉ የራሱን ትንሽ ዳታቤዝ መስጠት ያስፈልጋል።

ዋናው ፈተና ግን ፍጥነት አይደለም። አንዲት ደንበኛ 3,000 ብር ልታስገባ መጣች እንበል። ገንዘብ ተቀባይዋ ቁልፉን ተጫነች፤ ገቢው ማዕከል ደርሶ ተመዘገበ፤ መልሱ ግን መንገድ ላይ ጠፋ። ስክሪኑ ዝም ሲላት ደግማ ተጫነች፤ 6,000 ብር ሆኖ ተመዘገበ። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ገቢ ወይም ወጪ ከመላኩ በፊት ቅርንጫፉ ላይ መለያ ቁጥር መስጠት ነው። ድጋሚ ሲላክ ቁጥሩ አይቀየርም፤ ማዕከሉም ቁጥሩን ቀድሞ ካየው የመጀመሪያውን መልስ ይመልሳል እንጂ ዳግመኛ አይመዘግብም። ይህ አንድ ውሳኔ ከየትኛውም ተጨማሪ ሰርቪስ ይበልጣል።

መስመር ተቋርጦ ሳለ ደንበኛ ገንዘብ ላውጣ ሲል ግን ይከብዳል። ቅርንጫፉ የሚያውቀው ቀሪ ሂሳብ መስመሩ ከመቋረጡ በፊት ያየውን ነው፤ ደንበኛው ጠዋት ሌላ ቅርንጫፍ አውጥቶ ሊሆን ይችላል። መከልከል ታማሚ ይዞ የመጣውን ሰው ባዶ እጁን መመለስ ነው፤ መፍቀድ ደግሞ የሌለ ገንዘብ ወደ መክፈል ሊያደርስ ይችላል። እኛ የተስማማነው ደንበኛው ሂሳብ በከፈተበት ቅርንጫፍ ብቻ፣ እስከተወሰነ መጠን እንዲከፈል ነው።

የዶላሩም ነገር አለ። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 1 ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ገቢው በብር ለሆነ ተቋም በዶላር የሚከራይ እያንዳንዱ ሰርቨር በሥራ አመራር ፊት የሚያስጠይቅ ነው። አገር ቤት ብዙዎች የሥራውን ደንብ ዳታቤዙ ውስጥ መጻፍ የሚመርጡበት አንዱ ምክንያት ሰርቨር ለመቆጠብ ነው፤ ዋጋው ከአንድ ዳታቤዝ ሻጭ ጋር መታሰር ነው። እኔ መካከለኛውን ክፍል አንድ ወጥ ፕሮግራም አድርጎ መጠበቅን እመርጣለሁ።

እዚህ ቨርጂኒያም መስመር ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 የአማዞን የሰሜን ቨርጂኒያ ክላውድ ለሰዓታት ታውኮ ብዙ አገልግሎቶች ቆመው ነበር። ስለዚህ አሁን አዲስ ሰርቪስ ይጨመር ሲባል፣ መልሱ ባይመጣ ተጠቃሚው ምን እንደሚያይ አስቀድሞ እንዲጻፍልኝ እጠይቃለሁ።

ከአዲስ አበባ ጓደኞቼ ጋር ያልዘጋነው ጉዳይ ደንበኛ የሚያወጣው ገንዘብ ጣሪያ ነው። መስመር ሳይኖር ስንት ብር ድረስ ይከፈል? ቁጥሩን መወሰን ያለበት ኪሳራውን የሚሸከመው የፋይናንስ ኃላፊው ነው፤ ፕሮግራመሩ በራሱ ግምት ኮድ ውስጥ እንዳይጽፈው ለጓደኞቼ አጥብቄ ነግሬያቸዋለሁ።