ሰማንያ አንባቢ፣ አንድ ገዢ

ለሃያ ሁለት ዓመት ልብ ወለድ አስተምሬያለሁ። ሴራ፣ ገጸ ባሕርይ፣ መቼት፣ አንጻር እያልኩ ስንት ካርቶን ጠመኔ እንደፈጀሁ እኔና ሳንባዬ እናውቃለን። ከሁሉም የምወዳት አንዲት ክፍለ ጊዜ ነበረች፤ ፈረንሳዊው ሮላን ባርት እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጣውን «የደራሲው ሞት» የተሰኘ መጣጥፍ የማስተምርባት። «ድርሰቱ ከእጁ ከወጣ በኋላ ደራሲው የለም፤ ሞቷል። የቀረነው እኛና ጽሑፉ ነን» እል ነበር፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ተማሪዎቼም «ደራሲው ሞቷል» ብለው ደብተራቸው ላይ ይጽፉና ከሥሩ ያሰምሩበታል።

በ2011 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልብ ወለዴን አሳተምኩ። ሟቹ ደራሲ ምን እንደሚመስል ያየሁት ያኔ ነው። የገዛ ሬሳውን ተሸክሞ ከመደብር መደብር ይዞራል።

«አሳታሚ የሚባል ነገር የለም እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ነበር። የመንግሥት ነው፤ ረቂቅ ያስገመግማል፣ ያሳትማል፣ ያከፋፍላል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. የወጣው በዚያ በኩል ነው። መጽሐፉ ብዙም ሳይቆይ ታገደ፤ ደራሲው በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ስለዚህ ያን ዘመን መልሱልኝ አልልም። እኔ ረቂቄን ይዤ ስወጣ የሚያግደኝ አልነበረም፤ ግን የሚፈልገኝም አልነበረም። አንዱ አሳታሚ ገጾቹን ሳይገልጥ በመዳፉ መዘነና «የፖለቲካ ገመና አለው?» አለኝ። የለውም አልኩት። ሌላው «ትርጉም ቢሆን ኖሮ» ብሎ አዘነልኝ። በዩኒቨርሲቲ ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማርኩ መሆኔን ስነግረው ደግሞ ይበልጥ አዘነልኝ።

ቀረኝ የራስ ኪስ። የእኔ ኪስ ደግሞ የመምህር ኪስ ነው። ባለቤቴ ዕቁብ ደርሷት ነበር፤ ገንዘቡ ለኩሽናችን ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያፈስ ኩሽና። ለአንድ ሳምንት ሳልጠይቃት ከረምኩ። በስምንተኛው ቀን ራሷ አመጣችው። «መጽሐፉ ካልወጣ አንተም ከዚያ ክፍል አትወጣም። ኩሽናው ለምዶታል፤ ሌላ ክረምት ይችላል» አለችኝ። መታሰቢያነቱን ለማን እንዳደረግሁት መናገር ያለብኝ አይመስለኝም።

ማተሚያ ቤቱ ለ2000 ቅጂ 96 ሺህ ብር ፕሮፎርማ ሰጠኝ። «500 ብቻ ብናትምስ?» አልኩ። ሰውየው እንደ ጀማሪ ተማሪ አስረዳኝ። ፕሌቱ ያው ነው፣ ማሽኑን ማዘጋጃው ያው ነው፤ 500 አሳተምክ 2000 አሳተምክ የመነሻው ወጪ አይቀንስልህም። ቁጥሩ ባነሰ መጠን የአንዱ መጽሐፍ ዋጋ ይከመራል። ያልታወቀ ደራሲ ሊሸጥ ከሚችለው በላይ የሚያሳትመው በትዕቢት ብቻ አለመሆኑ የገባኝ ያን ቀን ነው። ወረቀቱ ከውጭ በዶላር ስለሚመጣ ፕሮፎርማው የሚሠራው ለአሥራ አምስት ቀን ነበር። እኔ ደግሞ እርማት ላይ ተኝቼ ሁለት ወር ፈጀሁ። አንድ «ነበር» ሳወጣ፣ መልሼ ሳስገባ፣ ዋጋው 107 ሺህ ገባ። አሥራ አንድ ሺህ ብር የፈጀ «ነበር» ነው።

አርባ እሽግ መጣ፤ እያንዳንዱ ሃምሳ ሃምሳ። ሳሎናችን ውስጥ ከግድግዳው ጋር ተደረደረ። እንግዳ ሲበዛ መቀመጫ ሆነ።

ከዚያ አከፋፋይ። የሽፋን ዋጋው 130 ብር፣ የአከፋፋዩ ድርሻ 35 በመቶ፣ ክፍያው ከተሸጠ በኋላ። በሥነ ጽሑፍ የኖረ ሰው ሒሳብ አይወድም፤ እኔ ግን ያን ማታ ቁጭ ብዬ ደመርኩ፣ ቀነስኩ። የባለቤቴን ብር ለመመለስ ብቻ ከ1266 ቅጂ በላይ መሸጥ አለብኝ። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስድሳ ስድስት የማላውቃቸው ሰዎች! እኔ በሕይወቴ የማውቃቸው ተደምረው ያን ያህል አይሆኑም።

ምረቃው በወመዘክር አዳራሽ ተደረገ። ክራር ተመታ፤ ሁለት ምሁራን አስተያየት ሰጡ፤ አንደኛው ስለ እኔ ሳይሆን ስለ ዶስቶየቭስኪ ተናገረ፤ አልተቀየምኩትም። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ማታ ሲቆጠር 61 ተሸጧል፣ 74 በነጻ ሄዷል። ዘመድ አዝማድ፣ የድሮ ባልደረባ፣ ጎረቤት ሁሉም በአንድ አፍ «መጽሐፍ አወጣህ አሉ፤ ለእኔ የታለ?» ይላል። ዳቦ ቤት ለከፈተ ሰው «ዳቦ ጋገርክ አሉ፤ ለእኔ የታለ?» ብሎ በነጋ በጠባ የሚሄድ ሰው የለም። ለደራሲ ሲሆን ግን መጠየቁ ራሱ ፍቅር ነው። እኔም ስንቱን ደራሲ በዚህ ፍቅር ወድጄዋለሁ! የመጽሐፍ መደርደሪያዬን ሳየው «ለወንድሜ ለእገሌ ከአክብሮት ጋር» የሚል ፊርማ ያልሰፈረበት ጥቂት ነው።

የኤፍ ኤም ጣቢያ ጠራኝ። ጋዜጠኛዋ ትሁት ልጅ ናት፤ መጽሐፉን አላነበበችም። «ታሪኩ በእርስዎ ላይ የደረሰ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም ስላት ጥያቄ አለቀባት። ወደ ቤቴ ስመለስ ልጅነቴ ትዝ አለኝ። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እኔ መጀመሪያ ያወቅሁት በዓይኔ አይደለም፤ በጆሮዬ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ሲያነበው ሰፈሩ ጸጥ ይል ነበር። መጽሐፍ ገዝቶ የማያውቅ ሰው ስለ ሰብለ ወንጌል ይከራከራል። አንድ ሰው አንብቦት፣ ወድዶት፣ ጮክ ብሎ ሲያነበው ነው መጽሐፍ የሚተዋወቀው። ስለ መጽሐፉ የሚያወራልህ ደራሲው ራሱ ብቻ ከሆነ ማስታወቂያ ነው።

ከሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ ለገሃር ያገኘሁት አዟሪ ነው። ከወገቡ እስከ አገጩ መጽሐፍ ደርድሮ የሚሄድ ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ። አምስት ቅጂ ተቀበለኝ፤ ሽፋኑን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና፣

«ጋሼ፣ አይከፋዎትና ርዕሱ አይጣራም» አለኝ።

«እንዴት አይጣራም?»

«መኪና መስኮት ላይ በሦስት ሰከንድ ነው የማሳየው። የእርስዎ ርዕስ ተነቦ ሳያልቅ መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል።»

ስለ ርዕስ አመራረጥ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። መብራቱ አረንጓዴ እንደሚሆን ግን የትኛውም መጽሐፍ አልነገረኝም። ልጁ አምስቱን በሦስት ሳምንት ሸጦ ብሩን ቆጥሮ ሰጠኝ። ከአከፋፋዩ ግን የመጀመሪያውን ሳንቲም ያየሁት በሰባተኛው ወር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እስካሁን ያወራሁላችሁ የደራሲ ሁሉ እሮሮ ነው፤ የሚከተለው ግን የእኔ ብቻ ነው።

መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ ገደማ፣ ድሮ አስተምርበት ወደነበረው ዩኒቨርሲቲ ለአንድ የጡረታ ማስረጃ ሄድኩ። በሩ ላይ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዱ ገባሁ። መታወቂያዬ እስኪገለበጥ መደርደሪያውን ሳይ፣ በጠመዝማዛ ፕላስቲክ ከተጠረዙት ሃንድአውቶች መሐል የእኔ ልብ ወለድ! ያውም አንድ አይደለም፤ ስድስት ሰባት።

«ይሄ ስንት ነው?» አልኳት ልጅቷን። ድምፄ ትንሽ ተለውጧል።

«አርባ አምስት ብር። ለኮርስ ነው፤ መምህሩ አንዱን አምጥተው ተማሪዎች እንዲያባዙ ብለው ነው።»

መምህሩን አውቀዋለሁ። ምረቃው ላይ በነጻ ከወሰዱት ሰባ አራቱ አንዱ ነው። ደሜ ፈላ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 410፣ እስከነ ቁጥሩ ጭንቅላቴ ውስጥ ተነበበ። ስልኬን አወጣሁ። ልደውልለት ነው።

አልደወልኩም። አንድ ሽማግሌ ፊቴ ቆሙብኝ።

ወጣት መምህር ሳለሁ የእኚህን ሰው ልብ ወለድ አስተምር ነበር። ስማቸውን አልጠራም፤ በአንድ መጽሐፍ የቆዩ ሰው ናቸው። ክፍሌ ውስጥ ሰማንያ ተማሪ ነበር፤ መጽሐፉ ደግሞ አንድ። እሱንም ራሳቸው ፈርመው የሰጡኝ ነው። ምን አደረግሁ? ለክፍል አለቃው ሰጠሁና «አባዙት» አልኩ። ኩራት እንጂ ሐፍረት አልተሰማኝም። አንድ ጉባኤ ላይ ሳገኛቸው እጅ ነሥቼ፣

«ጋሼ፣ መጽሐፍዎን እያስተማርኩት ነው» አልኳቸው።

ደስ አላቸው። «ስንት ተማሪ አለህ?»

«ሰማንያ።»

«ከየት አገኙት?»

ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሳቁ። «ሰማንያ አንባቢ፣ አንድ ገዢ! እሱንም አንዱን እኔው ነኝ የሰጠሁህ» አሉ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ጨዋታ ነበር የመሰለኝ።

ሁለተኛ መጽሐፍ ሳያሳትሙ አረፉ። በዚያው ሰሞን ለማጠቃለያ ፈተና አንድ ጥያቄ አወጣሁ፤ «ደራሲው ከመጀመሪያ ሥራው በኋላ ለምን ዝም አለ? አብራራ።» ከፍተኛውን ነጥብ የሰጠሁት «የፈጠራ ኃይሉን በአንዱ መጽሐፍ አሟጦ ስለጨረሰ» ብሎ በሁለት ገጽ ላብራራ ልጅ ነው። ከጎኑ «ግሩም!» ብዬበታለሁ።

እኔ ነኝ ዝም ያሰኘኋቸው አልልም፤ ሰው በብዙ ምክንያት ዝም ይላል። ግን ሳሎናቸው ውስጥ ስንት እሽግ ተደርድሮ እንደነበር፣ የማን ዕቁብ እንደተበላ፣ የማን ኩሽና እያፈሰሰ እንደቀረ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ዝምታቸውን በንድፈ ሐሳብ ተነተንኩት እንጂ።

ልጅቷ ሁኔታዬን አይታ ይሁን እንጃ፣ «ከወደዱት ይሄኛውን ይዩት፤ የተማሪ ነው፣ ጥራዙ ተበጥሶ ለእድሳት የመጣ» ብላ አንድ የተንዘላዘለ ቅጂ ሰጠችኝ። ጫፉ ተጣጥፏል፣ ሻይ ፈስሶበታል፣ በሁለት ዓይነት ቀለም ተሰምሮበታል። አንዲት እናት ልጇን አውቶቡስ ተራ የምትሸኝበት ገጽ አለ፤ አሥራ አንድ ጊዜ መላልሼ የጻፍኩት፣ አስተያየት ሰጪዎቹ ያለፉት፣ ጋዜጣ ላይ የገመገሙት ያላነሱት። ከጎኑ በእስክሪብቶ አንድ ቃል ተጽፏል፦ «እማዬ»።

ምን ልበላችሁ! ሰባ አራቱ የፈረምኩባቸው መጻሕፍት የት መደርደሪያ ላይ ንጹሕ ሆነው እንደተቀመጡ አላውቅም። የተሰረቀው ግን ተነብቧል። ተበሳጨሁ ወይስ ተደሰትኩ? ሁለቱንም፤ በአንድ ጊዜ። አርባ አምስት ብር ከፍዬ የገዛ መጽሐፌን ፎቶ ኮፒ ገዝቼ ወጣሁ።

ለባለቤቴ ስነግራት አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችኝ፤ «ከአርባ አምስቱ ለእኛ ስንት ይደርሰናል?»

ኩሽናው የታደሰው ከሦስት ክረምት በኋላ ነው። ከመጽሐፉ እስካሁን 1430 ተሸጧል፤ የቀረው ዛሬም ሳሎን ውስጥ መቀመጫ ነው። ሁለተኛው ልብ ወለዴ ተጽፎ መሳቢያ ውስጥ አለ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቅቆ ዶላሩ ሲወጣ ወረቀቱም አብሮት ወጣ፤ ፕሮፎርማውን አይቼ መሳቢያውን መልሼ ዘጋሁት። ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም። እኔ ዓምድ አለኝ፤ አኩርፌም ቢሆን እጽፋለሁ። መጀመሪያ መጽሐፏን በእናቷ ወርቅ ሐብል ያሳተመችው ልጅ ግን ዓምድ የላትም።

ስለዚህ አንድ ልማድ ጀምሬያለሁ። በወር አንድ ጊዜ፣ ስሙን ሰምቼው የማላውቀውን ሰው የመጀመሪያ መጽሐፍ በሙሉ ዋጋው ከአዟሪ እገዛለሁ። የሚያውቀኝ ደራሲ «ልስጥህ» ካለኝ ዋጋውን እከፍላለሁ። ጥሩ ከሆነ ለሦስት ሰው አወራለሁ፤ መጥፎ ከሆነም አንብቤ ነው መጥፎ የምለው። ለቀድሞ ባልደረቦቼም ቃሌ ይኸው ነው፤ የምታስተምሩት መጽሐፍ ደራሲ በሕይወት ካለ፣ ቢያንስ ለቤተ መጻሕፍቱ አሥር ቅጂ አስገዙለት። ደራሲው አልሞተም። ሳሎኑ ውስጥ እሽግ ላይ ተቀምጦ ስልክ ይጠብቃል።

ዛሬ ወደ ክፍል ብመለስ ያንን የፈተና ጥያቄ አልሰርዘውም። ከፊቱ አንድ ጥያቄ እጨምርበታለሁ፤ ሁለት ነጥብ ብቻ ያለው፣ በአንድ መስመር የሚመለስ፦ «አንተስ መጽሐፉን ከየት አገኘኸው?»