የሚጮኸው ውሻ የማን ነው?

«ውሾቹ ይጮኻሉ፤ ግመሎቹም ይሄዳሉ» የሚለው አባባል የሚያጽናናው መንገደኛን ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን በገዙበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932፣ ወደ ሂርማታ የሐሙስ ገበያ ይመጣ የነበረው ሲራራ ነጋዴ (ጭነቱ በርግጥ በበቅሎና በአህያ ጀርባ ነበር፤ የጅማ ጭቃ ለግመል አይመችም) ባደረበት መንደር ውሻ ቢጮኽበት ጣጣው የአንድ ሌሊት ነው፤ ሲነጋ ጭኖ ይሄዳል። በአውሮፓም ቤታቸውን በመኪና እየጎተቱ ለሽርሽር የሚወጡ ሰዎች በሚያድሩበት የካራቫን ሰፈር በጎረቤት ውሻ ምክንያት መቀያየማቸው የተለመደ ነው። እነሱም ግን ቢብስባቸው ቤታቸውን ጎትተው ሌላ ቦታ ያድራሉ፤ ብዙዎቹ ሰፈሮችም ውሻ በገመድ እንዲያዝና ሌሊት ጸጥታ እንዲከበር ደንብ አላቸው፤ አልሰማ ያለ ባለቤት ውሻውን ይዞ ውጣ ይባላል። ጅማ፣ አጋሮ ወይም ሊሙ ገነት አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ሰው ጎትቶት የሚሄድ ቤት የለውም። አልጋው ከጎረቤት አጥር ጋር ተጠግቷል፤ ልጁ እዚያው ሰፈር ይማራል፤ የወራት ኪራይ አስቀድሞ ከፍሏል። ይህን ሰው «ተወው፣ ውሻ አይደል እንዴ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ የሚያልፈው ግን ተናጋሪው እንጂ ሰሚው አይደለም።

ውሻው እዚያ የተገኘው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ መጀመሪያ መታመን አለበት። በቡና አገር ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ አንዳንድ ቦታም እስከ ጥር፣ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ገቢ ሜዳ ላይ ተሰጥቶ ያድራል። እሸቱ ገና ዛፍ ላይ ሳለ ሌባ በሌሊት ሊያራግፈው ይችላል፤ ተለቅሞ ጀንፈል እስኪሆን ደግሞ አልጋ ላይ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይቆያል፤ ማታ ማታ ሸራ ከማልበስ በቀር በር የሚዘጋበት ነገር የለም። ዋጋው ሲወጣ ሐሳቡም አብሮ ይወጣል፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 የአረቢካ ቡና በዓለም ገበያ አንዱ ፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ የገበሬው አልጋ ላይ የተሰጣው ጀንፈልም ለሌባ ያን ያህል አጓጊ ሆኗል። ከከተማ ወጣ ሲሉ ጦጣና ዝንጀሮ አለ፤ በቆሎውን የሚገለብጥ ከርከሮ አለ፤ ሲመሽ ደግሞ ጅብ አለ። ስለዚህ በዚህ አገር ውሻ የቅንጦት እንስሳ አይደለም። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በሆነበት በጅማ ውሻ ቤት ውስጥ ገብቶ ምንጣፍ ላይ አይተኛም፤ የታወቀው ሐዲስም ቢሆን ውሻ ማሳደርን የሚፈቅደው ለአደን፣ ለከብት ጥበቃና ለእርሻ ነው፤ ማለትም ሥራ ላለው ውሻ። ይህ መለኪያ ለማንኛውም እምነት ተከታይ ይጠቅማል ባይ ነኝ። ጥያቄው «ውሻ ይኑር ወይስ አይኑር» ከሚለው ወደ «ይህ ውሻ ሥራውን ይሠራል ወይ?» ወደሚለው ይዞርና ክርክሩ መልክ ይይዛል።

ሌሊቱን ሙሉ የሚጮኽ ውሻ ደግሞ ሥራውን አይሠራም። የውሻ ጩኸት ጥቅሙ ዜና መሆኑ ነው፤ አንድ ያልተለመደ ነገር መጥቷል ይላል። ለባጃጅም፣ ለሚያልፍ ሰካራምም፣ ለድመትም፣ ለነፋስም፣ ከሁለት ሰፈር ማዶ ለጮኸ ሌላ ውሻም እኩል የሚጮኽ ከሆነ ዜናነቱ ይቀራል። የጀንፈሉ ዘበኛ ማማው ላይ ጋቢውን ተከናንቦ በመጀመሪያው ሌሊት ጩኸት ሲሰማ ተነሥቶ ባትሪ ያበራል፤ በሦስተኛው ሌሊት ቀና ይላል፤ በሳምንቱ ውሻው ቢጮኽም ባይጮኽም ያው ነው። ጆሮ የለመደውን ድምፅ ይተዋል፤ በጭነት መኪና መንገድ ዳር የሚኖር ሰው መኪናውን እንደማይሰማ ሁሉ። ሌባም ሞኝ አይደለም፤ ሁልጊዜ የሚጮኽ ውሻ ያለበትን ግቢ ለይቶ ያውቃል፤ እዚያ ግቢ ጩኸት ሰምቶ የሚወጣ ሰው እንደሌለም ያውቃል። ከድምፅ ይልቅ የሚያስፈራው ጸጥ ብሎ የሚያደባ፣ ሲጮኽ ግን ባለቤቱን ከአልጋው የሚያስነሣ ውሻ ነው። በቁርኣን የዋሻው ሰዎች ታሪክ ውስጥ ያለው ውሻ እንኳ የተገለጸው የፊት እግሮቹን ደጃፉ ላይ ዘርግቶ ነው፤ ስለ ጩኸቱ የተነገረ ነገር የለም።

ታዲያ እነዚህ ውሾች ለምን ይጮኻሉ? ግቢው ጥግ፣ አቮካዶ ዛፍ ሥር የታሰረውን ውሻ ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። ሰንሰለቱ ሁለት ሜትር ቢሆን ነው። በዛፉ ዙሪያ ሣር የሚባል የለም፤ ውሻው ሲዞር የዋለበት መሬት ክብ ሆኖ ተልጧል፤ ሰንሰለቱ በግንዱ ላይ ተጠምጥሞ ልጡን ልጧል። የውኃው ጣሳ ተገልብጧል። ከአጥሩ ቆርቆሮ ወዲያ መንገድ አለ፤ ኮቴ ይሰማል፣ ማን እንደሆነ ግን አይታይም፤ ሄዶ እንዳያሸት ታስሯል፣ እንዳይሸሽም ታስሯል። የቀረለት መጮኽ ብቻ ነው፤ ይጮኻል፤ አላፊው ደግሞ ድሮም አላፊ ስለሆነ ያልፋል፤ ውሻው ግን ጮኼ አባረርኩት ብሎ ይይዛል፤ ለሚቀጥለው ኮቴ የበለጠ ይተጋል። ባለቤቱ ከውስጥ ሆኖ «ዝም በል አንተ!» እያለ ያምባርቃል፤ ለውሻው ይህ ተግሣጽ አይደለም፤ ጌታዬም አብሮኝ ጮኸ ማለት ነው። ረሃብ አለ፤ ብቸኝነት አለ፤ ሴት ውሻ በምትፈልግበት ወቅት የሰፈሩ ወንድ ውሻ ሁሉ በር ላይ መሰብሰቡ አለ፤ ቆሻሻና የሥጋ ተረፍ በተጣለበት ቦታ ጅብ መምጣቱ አለ። ከእነዚህ ውስጥ ውሻው የመረጠው አንድም የለም። ሰንሰለቱን የለካው፣ ጣሳውን ሞልቶ ያልተመለሰው፣ ከጎረቤት መኝታ ሥር ያሰረው ሰው ነው።

በሌላው ወገን ያለው ጉዳት ተራ ምቾት ማጣት አይደለም። የአገራችን የአካባቢ ጥበቃ መመሪያ ለመኖሪያ ሰፈር የሌሊት ድምፅ ከ45 ዴሲቤል እንዳያልፍ ያስቀምጣል፤ በቅርብ የሚጮኽ ውሻ ከ80 በላይ ይወጣል። ከመጠኑ የሚብሰው አመጣጡ ነው፤ ሳያቋርጥ ከሚያጉረመርም ድምፅ ይልቅ እየቆመ የሚነሣ ድምፅ እንቅልፍን ይሰብራል፤ ድምፁ ሲቆም ሰሚው ጆሮውን ቀስሮ እንደገና እስኪነሣ ይጠብቃልና። ጅማ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፤ የሪፈራል ሆስፒታል ከተማም ናት። ሌሊት ተረኛ ሆና ያደረች ነርስ ቀን መተኛት አለባት፤ ተማሪው ሌሊት ማንበብ አለበት። ሁለቱም የሚኖሩት በአብዛኛው በግቢ ውስጥ በተደረደሩ ሰርቪስ ክፍሎች ነው፤ ውሻው ደግሞ የአከራዩ ነው።

የነገሩ እምብርት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጎረቤት ለጎረቤት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቡና ላይ ይነሣል፤ አቦሉ በወግ ያልፍና ቶናው ላይ «ያ ውሻችሁ ደግሞ ሰሞኑን ምን ሆነ?» ይባላል፤ ባለቤቷም ነገሩ ይገባታል፤ ካልገባትም ሽማግሌ አለ፣ በኦሮሞው ዘንድ ጃርሱማ አለ፣ እድር አለ። ተከራይ ግን ለአከራዩ «ጋሼ፣ ውሻው እንቅልፍ ነሣኝ» ለማለት አንደበቱን ይይዘዋል። ጋሼ ቅር ካላቸው በሚቀጥለው ወር ኪራዩ ይጨመራል፤ ወይም «ልጄ ከአዲስ አበባ ሊመጣ ነው፣ ክፍሉን እፈልገዋለሁ» ይባላል። ስለዚህ ዝም ይላል። ዝምታው ለባለቤቱ የስምምነት ምልክት ሆኖ ይታየዋል፤ «ስንት ሰው ኖሮበታል፣ አንድም ሰው አላማረረም» ይላል፤ ያላማረሩት የሚሄዱበት ስላልነበራቸው ነው።

ሕጉ ከዚህ የተሻለ ያስባል። በሚያዝያ 1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለ ንብረት መብቱን ሲሠራበት ጎረቤቱን እንዳያውክ ያዛል፤ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ሽታ፣ ድምፅ እንዳያስነሣ ይከለክላል፤ ይህም ሲመዘን የአካባቢው ልማድና የቦታው ሁኔታ እንዲታይ ይላል። ይህች የመጨረሻዋ ሐረግ ለውሻ ባለቤቶች መሸሸጊያ ትመስላለች፤ «በእኛ አገር ልማዱ ይኸው ነው» ለማለት ትመቻለች። ነገር ግን ቦታ ይታይ ማለት ሁለት ቦታ እኩል አይደለም ማለት ነው። ጌራ ጫካ አጠገብ፣ ቅርቡ ጎረቤት ጥሪ በማይሰማበት ማሳ ላይ ውሻ ሌሊት ቢጮኽ ልማድ ነው፤ አሥር ክፍል በተደረደረበት የከተማ ግቢ ውስጥ ያው ጩኸት ልማድ ሊባል አይችልም። አንቀጽ 2071 ደግሞ እንስሳው ላደረሰው ጉዳት፣ አምልጦት ቢሆንም እንኳ፣ ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል። እዚህ ላይ የሚመጣው የታወቀ ማምለጫ «የእኔ አይደለም፣ ዝም ብሎ የሚመጣ ውሻ ነው» የሚለው ነው። ሌባ ሲያባርር የእሳቸው፣ ሰው ሲነክስ የማንም። ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ትርፍራፊውን ማን እንደሚደፋለት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው። ከተማው በድምፅ ማጉያ፣ በመጠጥ ቤት ሙዚቃ፣ በወፍጮ ቤት፣ በጭነት መኪና ጥሩምባ ተሞልቶ ሳለ ከሁሉ ደካማ የሆነውን ውሻ መክሰስ ምን ይሉታል? ተቃውሞው ውስጥ እውነት አለ። የእነዚያም ድምፅ ልክ ሊበጅለት ይገባል፤ የአንዱ ጥፋት ግን የሌላውን አያጥብም። ደግሞም አዛንም ቅዳሴም ሰዓት አለው፤ ወፍጮውም ማታ ይዘጋል፤ በየቦታው ሄደው የሚያናግሩት ኃላፊም አለ። የውሻው ጩኸት ሰዓት የለውም፤ ባለቤቱን ሲያናግሩት ደግሞ ወደ ውሻው ያመለክታል።

መፍትሔ ሲጠፋ ሌላ መንገድ የሚመርጥ ሰው አለ፤ ሥጋ ውስጥ መርዝ። ይህን የሚያደርገው በጨለማ የሚመጣ ጎረቤት ብቻ አይደለም፤ ማዘጋጃ ቤቶችም ባለቤት አልባ ውሾችን በስትሪክኒን የማጥፋት የቆየ ልማድ ነበራቸው። ጭካኔውን ለጊዜው ትተን ውጤቱን ብቻ እንመልከት። የሞተውን ውሻ ጅብና ጥንብ አንሣ ይበሉታል፤ እነሱም ይመረዛሉ። ቆሻሻው እስካለ ድረስ ባዶውን ቦታ ከሌላ ሰፈር የመጣ፣ ያልተከተበ ውሻ ይሞላዋል። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ አገራችን በብርቱ ከሚጠቁት አንዷ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከውሾቹ 70 በመቶውን መከተብ እንጂ መጨረስ አይደለም። የተከተበው፣ ጠባዩ የታወቀው ውሻ ተገድሎ የማይታወቅ ውሻ ሲተካ ሰፈሩ እንቅልፉንም አላገኘም፣ ደኅንነቱንም አጣ።

ቀሪው ክርክር የአቅም ነው፤ ድሀ ከየት አምጥቶ ውሻ ያሠለጥናል ይባላል። ሥልጠና ማንም አልጠየቀም። ውሻውን ከመንገድ ዳር አጥር ወደ ጓሮ ማዞር ገንዘብ አይጠይቅም። ቀን አስሮ ሌሊት በታጠረ ግቢ መፍታትም እንዲሁ፤ የታሰረ ውሻ የሰንሰለቱን ያህል ብቻ ይጠብቃል፣ ይህንንም ሌባው ለክቶታል። ማታ ማብላት፣ ውኃውን በማይገለበጥ ከባድ ዕቃ ማድረግ፣ ሲጮኽ ከውስጥ ከመጮኽ ወጥቶ ማየት፣ ለቅሶ ወይም ሠርግ ሲኬድ ለሚቀረው ውሻ ሰው መመደብ፣ ሁሉም ከአንድ ፌስታል ጀንፈል ዋጋ በታች ናቸው። ጎረቤትም የድርሻው አለው፤ እስኪፈነዳ ታግሦ ድንጋይ ከመወርወር በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ብርሃን ሄዶ መናገር፣ ሲናገርም በየትኛው ሰዓትና በምን ምክንያት እንደሚጮኽ መንገር፤ ባለቤቱ ተኝቶ ላያውቅ ይችላልና።

እናንተ ሰርቪስ የምታከራዩ የጅማና የአጋሮ ባለ ግቢዎች፣ የዘንድሮው ለቀማ ሳይጀመር አንድ ነገር አድርጉ። የኪራይ ውል ስትጽፉ መብራትና ውኃ ማን እንደሚከፍል እንደምታሰፍሩት ሁሉ፣ ውሻው ሌሊት የት እንደሚያድርና በጮኸ ጊዜ ማን ተነሥቶ እንደሚያየው አንድ መስመር ጨምሩበት፤ ተከራያችሁም ያን መስመር ጠቅሶ ሲናገር ኪራዩን አትጨምሩበት።