በኡፕሳላ ተቀምጦ በአዲስ አበባ መሥራት

ባለቤታችን በስዊድን አገር በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት የምትማርበት ዕድል ባገኘች ጊዜ፥ እኛም ከሁለቱ ልጆቻችን ጋር አብረናት እንድንሄድና የመሥሪያ ቤታችንን ሥራ በኢንተርኔት አማካይነት ከዚያው ሆነን እንድንሠራ አለቃችን ፈቀዱልን። ሥራችን ባለጉዳዮች የሚያቀርቡትን አቤቱታ ከነማስረጃው መርምሮ አስተያየት መጻፍ ነው። መዝገቡ ሁሉ ወደ ኮምፒዩተር ከገባ ወዲህ፥ ወረቀት ለማንበብ የግድ በአዲስ አበባ ወንበር ላይ መቀመጥ አያስፈልግም የሚል ሐሳብ ነበረን። ይህንንም ሐሳብ ለአለቃችን በብዙ ቃል ያስረዳናቸው እኛው ራሳችን ነን፤ ስለዚህ ከዚህ በታች የምንተርከው ጥፋት የሌላ የማንም አይደለም።

ኡፕሳላ ከስቶክሆልም በስተ ሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ የትምህርት ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲዋ በ1477 የተመሠረተ ሲሆን በስካንዲናቪያ አገሮች ካሉት ሁሉ የቀደመ ነው (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የፊሪስ ወንዝ ከተማይቱን ከሁለት ይከፍላታል፤ በምዕራቡ ዳር በቀይ ጡብ የተሠራው ካቴድራል፥ የዩኒቨርሲቲው አሮጌ ሕንጻዎችና በኮረብታው ላይ የቆመው ቤተ መንግሥት ሲገኙ፥ በምሥራቁ ዳር ገበያውና የባቡር ጣቢያው ይገኛሉ። የካቴድራሉ ግንብ ቁመት 118.7 ሜትር ስለሆነ፥ አገሩን የማያውቅ እንግዳ እንኳ እርሱን ምልክት አድርጎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ለዕፀዋትና ለእንስሳት በላቲን ሁለት ሁለት ቃል ያለው ስም የመስጠትን ሥርዓት ያጸናው ካርል ሊኔ ያስተማረው በዚሁ ሲሆን፥ መቃብሩም በካቴድራሉ ውስጥ ነው። የሙቀት መለኪያ በስሙ የሚጠራለት አንደርስ ሴልሲየስም የዚሁ ከተማ ሰው ነበረ። እርሱ በ1742 ባቀረበው መለኪያ ላይ ውሃ የሚፈላበትን 0፥ የሚረጋበትን 100 ብሎ ነበር፤ ኋላ ግን ቍጥሩ ተገለበጠ። ባይገለበጥ ኖሮ ከዜሮ በታች 15 በሆነበት ጧት ልጆቻችንን ወደ ትምህርት ቤት ስናደርስ፥ ዛሬ 115 ዲግሪ ነው ብለን በተናገርን ነበር።

ከብርዱ ይልቅ ያስቸገረን የሰዓቱ ጉዳይ ነበረ። የአዲስ አበባው መሥሪያ ቤት ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል ሲከፈት፥ በኡፕሳላ በበረዶው ወራት ገና 12 ሰዓት ተኩል ነው። በዲሴምበር ፀሐይ የምትወጣው ወደ 3 ሰዓት ገደማ ነው፤ 9 ሰዓት ሳይሞላም ትጠልቃለች። እንግዲህ እኛ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ኮምፒዩተራችንን ዘርግተን በጨለማ ስንሠራ ቆይተን መስኮቱ መንጣት ሲጀምር፥ የአዲስ አበባ ጓደኞቻችን ለምሳ ሊነሡ አንድ ሰዓት ተኩል ይቀራቸዋል። በዚህ ላይ ስዊድኖች በበጋ ሰዓታቸውን ወደፊት ይገፋሉ፥ በኦክቶበርም መጨረሻ እሑድ ወደ ነበረበት ይመልሱታል፤ ስለዚህ ልዩነቱ አንድ ጊዜ አንድ ሰዓት፥ ሌላ ጊዜ ሁለት ሰዓት ይሆናል። የመጀመሪያው ዓመት ይህን ረስተን ለአንድ ስብሰባ በለመድነው ሰዓት ብንቀርብ፥ ስብሰባው ተፈጽሞ አለቃችን ሊነሡ ሲሉ ደረስን። ከዚያ ወዲህ በግድግዳው ላይ ሁለት ሰዓት ሰቅለናል። ታናሺቱ ልጃችን አንደኛውን «የአያቴ ሰዓት» ትለዋለች።

ቤታችን ፍሎግስታ በሚባለው የተማሪዎች መኖሪያ አጠገብ ነው። በገባን በመጀመሪያው ሌሊት፥ ልክ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን፥ ከረዣዥሞቹ ፎቆች መስኮት ሁሉ እሪታ ተሰማ። እኛም ሰው ሞቷል ብለን ነጠላ አንሥተን ልንወጣ ነበር። በማግስቱ ጎረቤታችን እንደ ነገሩን፥ ተማሪዎቹ የጥናት ድካማቸውን ለማስወጣት በዚያ ሰዓት በአንድነት መጮህን ለብዙ ዓመታት ልማድ አድርገውታል። ጩኸት ሲሰማ ማንም ከቤቱ የማይወጣበት ሰፈር ለእኛ ያን ጊዜ አዲስ ነገር ነበር።

ልጆቹ ሲመለሱ ወጥ ቤቱ ስለሚጠብብ፥ ከቀትር በኋላ ካሮሊና ሬዲቪቫ ወደሚባለው የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሄደን መሥራት ጀመርን። በዚያ ቤት በወይን ጠጅ ቀለም በተነከረ ብራና ላይ በብርና በወርቅ ቀለም የተጻፈ፥ የብር መጽሐፍ ቅዱስ የሚባል መጽሐፍ አለ፤ በጎት ቋንቋ ከተጻፈ 1500 ዓመት ያህል ሆኖታል። የጎት ሕዝብም ቋንቋውም ከጠፉ ቆይተዋል፤ ፊደሉ ግን በመስተዋት ሥር ያበራል። ጸጥታው ለሥራ ይመቻል፤ በቢሮ ሳለን በቀን አምስት መዝገብ ብንመረምር እዚህ ዘጠኝና ዐሥር እንጨርስ ነበር፤ በዚህም እጅግ ተደስተን ለአለቃችን በየወሩ ቍጥሩን እንልክላቸው ነበር። አንድ ነገር ብቻ ይጎድለን ነበረ። ባለቤታችን በትምህርት ክፍሏ መምህሩም ተማሪውም ጽዳት ሠራተኛውም ሥራ አቋርጠው በአንድነት ቡና የሚጠጡበት ፊካ የሚሉት ሰዓት እንዳለና፥ በክፍል ውስጥ ያልተፈታው ነገር በዚያ እንደሚፈታ ስትነግረን፥ እኛ ቡናችንን ብቻችንን እንደምንጠጣ ያን ጊዜ አስተዋልን።

በሁለተኛው ዓመት በበረዶው ወራት አንድ መዝገብ ደረሰን። ባለጉዳዩ አዛውንት ናቸው፤ በመንግሥት ሥራ ላይ ሳለ የሞተው ልጃቸው ሊከፈለው ይገባ የነበረው ገንዘብ ለአባቱ እንዲሰጥ ያመለክታሉ። በሟቹ የሥራ መዝገብ የአባቱ ስም «ተክሌ» ተብሎ ተጽፏል፤ በአመልካቹ የቀበሌ መታወቂያ ላይ ግን «ተኽለ» ይላል። እኛም ስሙ ከመዝገቡ ጋር ስላልተስማማ ማስረጃው ተስተካክሎ ይቅረብ ብለን ጻፍን፥ ወደሚቀጥለውም መዝገብ አለፍን። ሦስት ደቂቃ አልፈጀብንም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ መዝገቡ ተመልሶ መጣ፤ የቀበሌው ደብዳቤ ማኅተም አርፎበት አሁንም «ተኽለ» ይላል። እኛም የፊተኛውን ቃል ደግመን ጻፍን።

ለአንባቢያችን ይህን መግለጽ ይገባናል። እኛ በትግርኛ አፋችንን የፈታን ሰዎች ነን። በትግርኛ «ከ» የሚለው ድምፅ ከአናባቢ በኋላ ሲመጣ ይላላና «ኸ» ይሆናል፤ በአማርኛ «ተክሌ» የሚባለው ሰው በእኛ አገር «ተኽለ» ነው። ከአማርኛ ተናጋሪ ጸሐፊ ፊት ቀርቦ ስሙን ቢናገር፥ ጸሐፊው በሚያውቀው መንገድ «ተክሌ» ብሎ ይጽፍለታል። ይህን የአገራችን ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ታዲያ እኛ ይህን ሳናስተውል ሁለት ጊዜ እንዴት አለፍነው?

ሦስተኛው ጊዜ መዝገብ አልመጣም፤ የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ በስልክ ጠራን። ከቤተ መጻሕፍቱ ወጥተን የእንግሊዝ ፓርክ ከሚባለው አትክልት ሥፍራ ዛፎች ሥር ቆምን፤ በረዶው ቁርጭምጭሚታችንን አልፎ ነበር። «ጌታዬ፥ አንድ አባት ከጧት ጀምረው በአግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከእርስዎ በቀር የሚያናግራቸው የለም፤ አማርኛም እምብዛም አይሰሙ። ላገናኝዎት?» አለን። እሺ አልን። «ስምዎ ማን ይባላል?» ብለን በትግርኛ ስንጠይቃቸው እርሳቸውም ስማቸውን ተናገሩ።

ያን ድምፅ በሰማን ጊዜ አፋችን ተያዘ። በስክሪኑ ላይ ሁለት ስም የነበረው በጆሯችን አንድ ሆነ። «አቦይ» አልናቸው፤ ይኸውም በእኛ አገር ለሽማግሌ የሚነገር የአባትነት መጥሪያ ነው፤ «አቦይ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።» እርሳቸውም ቍጣ አላሳዩም። «ወደይ፥ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ፤ የመንገዱን በጎች ሸጬ ነው። የቀበሌው ልጅ ስምህን ለውጥ ይሉሃል አለኝ፤ እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ ስም ከወዴት አመጣለሁ?» አሉን። መኖሪያቸው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሁለት ቀን መንገድ ነው።

በዚያው ቀን አስተያየታችንን ሽረን ሁለቱ ጽሕፈቶች የአንድ ሰው ስም መሆናቸውን ገልጸን ጻፍን፤ ለአለቃችንም ጥፋታችንን አመለከትን። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደንም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን በአማርኛ እያነበቡ እኛ የምንጽፈው ቃለ ጽሕፈት የሚባል ትምህርት ነበረ። በአማርኛ ጽሕፈት ላይ «ኽ» ያስገባ ልጅ ማርኩ ይቀነስበታል፤ እኛም ብዙ ማርክ ከተቀነሰብን በኋላ ያችን ፊደል እንደ ስሕተት ማየትን ለመድን። በኋላም አማርኛችን ጥሩ ነው እየተባልን ያደግነው በዚህ ነው። በቢሮአችን ብንሆን ኖሮ አዛውንቱ በሩን ከፍተው ሲገቡ ሰላምታቸው ብቻ ይበቃን ነበር። በስክሪን ላይ ግን የመምህራችን ዓይን እንጂ የእናታችን ልጅ ጆሮ አልሠራም።

ከዚህ በኋላ ከካሮሊና አንድ መጽሐፍ አስወጥተን አነበብን። ዮሃንስ ኮልሞዲን በ1884 በዚህ በኡፕሳላ የተወለደ የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ነበረ። ከ1908 እስከ 1910 ድረስ በኤርትራ ተቀምጦ የጸዓዘጋንና የሐዘጋን ሽማግሌዎች ትውፊት ከአፋቸው ሰብስቦ፥ የትግርኛውን ጽሑፍ በ1912 አሳተመው። ኋላም በ1931 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አማካሪ ሆኖ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ፥ በ1933 በዚያው ሞተ። እርሱ ትግርኛችንን ለመስማት ከዚህ ከተማ ተነሥቶ እነዚያ ሽማግሌዎች ወዳሉበት ወረደ፤ እኛ ደግሞ የሽማግሌዎቹን ጉዳይ ለመወሰን ከዚያ ተነሥተን እርሱ ወደ ተወለደበት መጥተናል። መጽሐፉን እያነበብን ስንስቅ ጠባቂዋ ዝም እንድንል በጣቷ አመለከተችን።

አሁን ሥራችንን ጥቂት ለውጠነዋል። ሐሙስ ሐሙስ የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ስልኩን ይዞ በኮሪደሩ ይዞራል፤ እኛ የምንመረምረው ጉዳይ ባለቤት የሆነ ሁሉ ስሙንና አቤቱታውን በቃሉ ይነግረናል። ጸሐፊው ባለጉዳዮቹ ከጉዳያቸው በፊት የዘመድ አዝማዱን ደህንነት ይጠይቁብኛል እያለ ያማርራል፤ ልክ ነው፥ በቀን የምንጨርሰው መዝገብም ወደ አምስት ተመልሷል። አለቃችን ስለ ቍጥሩ ጠይቀውን ነበር፤ መልሱን ጽፈንላቸው እስካሁን ምንም አላሉንም። ባለቤታችን ትምህርቷን ስትጨርስ እንመለሳለን።

በጁን ወር አንድ ሐሙስ፥ በኡፕሳላ ሌሊቱ በደንብ በማይጨልምበት ጊዜ፥ ጸሐፊው ስልኩን ሲሰጥ የመጣው ድምፅ የአቦይ ተኽለ ሆነ። ገንዘቡን ተቀብለው ሊመለሱ ነው። ያለንበትን አገር ጠየቁን፤ ነገርናቸው። «እዚያስ ስምህን ደኅና አድርገው ይጠሩታል?» አሉ። የሐኪም ቤቱ ሰዎች የአባታችንን ስም የእኛ አድርገው እንደሚጠሩንና እኛም አቤት ብለን እንደምንነሣ ስንነግራቸው እየሳቁ ሳሉ፥ ጸሐፊው ሌላ ባለጉዳይ እየጠበቀ ነው ብሎ ስልኩን ተቀበላቸው።