ማሽኑ ራሱን ሲቀዳ

ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ላይ ባለችው ጎብዬ፣ አንድ ወጣት ከአንድ ሽማግሌ ፊት ተቀምጦ የጦርነቱን ጊዜ ትዝታ ይቀዳል። ላፕቶፑ አሮጌ ነው። ለአሮጌ ማሽን ስለሚቀልና ክፍያ ስለማይጠይቅ ሊኑክስ ጭኖበታል። ቀዩ ምልክት በርቷል፤ ሰከንዱም ይቆጥራል። አንድ ሰዓት ካወሩ በኋላ ሲከፍተው ፋይሉ አለ፣ ድምፁ ግን የለም።

«አባባ፣ እንደገና ቢነግሩኝ?»

«ልጄ፣ እሱ ደግሞ ስንት ጊዜ ይወራል?» አሉና ዝም አሉ።

ጥፋቱ የማይኩ አልነበረም። ሊኑክስ ላይ የድምፁን መግቢያና መውጫ የሚያስተናግደው ፐልስኦዲዮ፣ በአዳዲሶቹ ላይ ደግሞ ፓይፕዋየር የሚባል ፕሮግራም ነው። ለመቅዳት ሲፈለግ ሁለት ዓይነት ምንጭ ያቀርባል። አንዱ ማይኩ ነው። ሌላው «ሞኒተር» ይባላል፤ ኮምፒውተሩ በራሱ ስፒከር የሚያወጣውን ድምፅ መልሶ ይቀዳል። የኦንላይን ስብሰባ ወይም ቪዲዮ ለመቅዳት እሱ ነው የሚያስፈልገው። ሞኒተሩ ተመርጦ ሳለ ሰው ፊት ለፊት ቢያወራ ግን ማሽኑ የሚሰማው ራሱን ብቻ ነው። ራሱ ዝም ካለ ዝምታውን ይቀዳል። ስህተት አለ ብሎ አይናገርም፤ የታዘዘውን እየሠራ ነዋ!

መላው ከባድ አይደለም። «ፓቩኮንትሮል» የተባለውን የድምፅ መቆጣጠሪያ መክፈት፣ መቅጃውን ማስጀመር፣ ከዚያ «ሪከርዲንግ» የሚለውን ገጽ ማየት ነው። የትኛው ፕሮግራም ከየትኛው ምንጭ እንደሚቀዳ እዚያ ይታያል፤ ሞኒተር ከሆነ በማይክ መለወጥ ይቻላል። ሰው ሲናገር መስመሩ ካልተንቀሳቀሰ ማይኩ ተዘግቶ ይሆናል፤ ወይም የስልክ ኢርፎን ለማይክ ብቻ በተሠራ ቀዳዳ ተሰክቶ ይሆናል። ቻርጀር ሲሰካ እዝዝ የሚል ድምፅ ከመጣ ነቅሎ በባትሪ መሞከር ነው። መስመሩ ጫፍ ከነካ ደግሞ መቀነስ ያስፈልጋል፤ ከልክ በላይ ጮኾ የተሰባበረ ድምፅ በኋላ በደንብ አይጠገንም። ከሁሉም በፊት ግን አሥር ሰከንድ ቀድቶ መልሶ መስማት። ቀዩ ምልክት ማስረጃ አይደለም።

ራያ ላይ የሆነውም ከዚህ አይርቅም። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ፣ ቆቦና አካባቢዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበሩበት ጊዜ፣ ስልክም መብራትም ተቋርጦ ነበር። ነሐሴ 18 ቀን 2014 ጦርነቱ ሲያገረሽም ቀድሞ የተቃጠለው ይኸው አካባቢ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስለ ራያ ያልተወራበት ቀን አልነበረም። መግለጫው መግለጫን ይጠቅሳል፣ አክቲቪስቱ አክቲቪስትን ያጋራል፣ ስቱዲዮው ትናንት ያለውን ዛሬ ይደግማል። መስመሩ ሲንቀሳቀስ ስለታየ ሁሉም እየተቀዳ መሰለው። የተመረጠው ምንጭ ግን ሞኒተሩ ነበር።

መንገዱ ከተከፈተ በኋላም ብዙ አልተለወጠም። ጋዜጠኛው ዜናውን አዲስ አበባ ጽፎ ይመጣል፤ ከገበሬው የሚፈልገው አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ሰውየው ስለ ማሽላውና ስለተነዱበት ከብቶች ሲጀምር «እሱን እንለፈው» ይባላል። እንግዲህ ቀጣዩ ማይክ ሲመጣ ዝም ቢል ምን ይገርማል?

ወጣቱ ሽማግሌውን ደግሞ አላስቸገራቸውም። በሚቀጥለው ቤት ግን ምንጩን ለውጦ፣ አሥር ሰከንድ ቀድቶ፣ የጆሮ ማዳመጫውን ለቤቱ እመቤት ሰጣቸው።

«ይሄ እኔ ነኝ?» አሉ ሳቅ ብለው። ከዚያ ወንበራቸውን ቀረብ አድርገው ማውራት ጀመሩ።