ጨሞጋ ዳር የቆመ ሰው

የጮቄ ራስ ጠቁሮ ደብረ ማርቆስ ፀሐይ ሲሆን፣ የኛ አገር ገበሬ ጨሞጋን ከመሻገሩ በፊት ቆም ይላል። ሙላት ይምጣ አይምጣ አያውቅም። ጠብቆ ሙላቱ ቢቀር ገበያ ያመልጠዋል፤ ተሻግሮ ቢመጣበት ግን ነፍሱ ናት የምትሄደው። ስለዚህ ይጠብቃል።

ይህን ሳስብ ድሬዳዋ ትዝ ትለኛለች። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ደረቅነቱም ያዘናጋል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ከላይ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ሌሊት ወርዶ ከ250 በላይ ሰው ፈጀ።

እኛ የተማርነው ታዲያ፣ ከወንዝ ዳር ቤት ይነሣ ሲባል «መጀመሪያ ይረጋገጥ» እንላለን። ወገኖቼ፣ ጎርፍ የሚረጋገጠው እኮ ደጃፍ ሲደርስ ነው! መጠየቅ ያለብን «ይመጣል ወይ?» ብለን ብቻ ሳይሆን፣ «ብንሳሳት የቱ ስሕተት ይቀለናል?» ብለን ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን።