በጥቂት ገንዘብ የጨዋታ ኮምፒዩተር ስለ መምረጥ

የሰው ልጅ ፍላጎቱ እንደ ክረምት ጎርፍ ብዙ ሲሆን ገንዘቡ ግን እንደ በጋ ምንጭ ጥቂት ነው። ስለዚህ ገበያ የሚወጣ ሰው ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ሐሳቡን መቁጠር ይገባዋል። አባቶቻችን «ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» ያሉት ይህንኑ ለማስተማር ነው። እኔም በ2017 ዓ.ም. ክረምት በ60,000 ብር የመጀመሪያዬን የጨዋታ ኮምፒዩተር ዕቃ በዕቃ መርጬ በገዛሁ ጊዜ የዚህን ምሳሌ እውነተኛነት በሚገባ ተረድቻለሁ። ስለዚህም ለጓደኞቼ ይጠቅማል ብዬ ያሰብሁትን በዚህ መጽሔት ላይ ለመጻፍ ተነሣሁ።

በመጀመሪያ ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ ልናገር። 22,000 ብሩ የሰፈራችንን ሕፃናት ለሁለት ዓመት ሒሳብ በማስጠናት ያጠራቀምሁት ነው። የቀረው 38,000 ብር ግን እናቴ ከትንሿ ሱቋ እየቀነሰች ስትጥለው የቆየችው ዕቁብ ነው። በዚህ ዕቁብ የሚያፈስሰውን ጣሪያችንን ልታስጠግንበት አስባ ነበር። አባቴ ግንበኛ ነውና ነገሩን በሰማ ጊዜ «ልጄ፣ በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ተቀምጦ ጨዋታ ምን ይባላል?» አለኝ። ንግግሩ እውነት ስለ ነበረ የምመልሰው አጣሁ። እናቴ ግን ጥቂት ካሰበች በኋላ «ጣሪያው አንድ ክረምት ይታገሣል። ነገር ግን ዕቃው ለጨዋታ ብቻ ከሆነ አልሰጥሽም፤ ለትምህርትሽም ለታናሽ እኅትሽም የሚሆን ይሁን» ብላ ፈረደች። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለከፊሉ ተፈታኝ በኮምፒዩተር መሰጠቱን ሰምታ ስለ ነበር ይህም ሳያግዘኝ አልቀረም። እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ በእጄ ያለው እያንዳንዱ ሺህ ብር በዓይኔ ላይ እንደ ቆርቆሮ ይታየኝ ጀመር።

ብዙ ሰው ገበያ ሲወጣ የሚያነሣው ጥያቄ «የትኛው ዕቃ ይበልጣል?» የሚል ነው። የሚቀድመው ጥያቄ ግን «ለምን ሥራ?» የሚለው ነው። እኔ የፈለግሁት የእግር ኳስ ጨዋታ፣ ማይንክራፍትና በመኪና ኳስ የሚጫወቱበትን ሮኬት ሊግን ለመጫወት ነበር። ሞኒተሩም ተራ ቢሆን ይበቃኛል፤ ማለት ወደ ጎን 1,920፣ ወደ ታች 1,080 ነጥብ ያለውና ሥዕሉን በሴኮንድ 60 ጊዜ የሚያድስ። ሁለቱን ቁጥሮች ብናባዛቸው ለአንድ ሥዕል 2,073,600 ነጥብ ይሆናል። ይህን ደግሞ በ60 ብናባዛው ኮምፒዩተሩ በየሴኮንዱ 124,416,000 ነጥብ ቀለም ቀብቶ ማቅረብ አለበት ማለት ነው። ሥራውን በቁጥር ያወቀ ሰው በነጋዴ ምላስ አይወሰድም። በሴኮንድ 60 ሥዕል ብቻ ለሚያሳይ ሞኒተር 200 ሥዕል የሚሠራ ካርድ መግዛት በአንድ ሊትር ጠርሙስ ሦስት ሊትር ወተት ለመቅዳት እንደ መሞከር ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የዕቃዎቹን ሥራ መለየት ያስፈልጋል። ፕሮሰሰር የሚባለው ሒሳቡን ሁሉ የሚያስብ ነው፤ ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ፣ ተጫዋቹ ምን እንደሚያደርግ የሚወስን እርሱ ነው። ግራፊክስ ካርድ ያንን ውሳኔ ተቀብሎ ሥዕል ያደርገዋል። ራም ለጊዜው የሚሠራበትን ነገር የሚያስቀምጥበት ጠረጴዛ ሲሆን፣ ኤስኤስዲ ደግሞ ዘወትር የሚያኖርበት ጎተራ ነው። ማዘርቦርድ ሁሉን ያገናኛል፤ ፓወር ሰፕላይ ለሁሉም ኀይል ያድላል። የእነዚህ ነገር እንደ ጥማድ በሬ ነው። አንዱ በሬ ብርቱ፣ ሌላው ደካማ የሆነ እንደ ሆነ ማረሻው የሚሄደው በደካማው እርምጃ ነው፤ የብርቱው ጉልበት በከንቱ ይቀራል። ውድ ካርድ ከአሮጌ ፕሮሰሰር ጋር የጠመደ ሰውም እንደዚሁ ነው። እኔ ከዚህ ሁሉ ድካም ያገኘሁት ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፤ በጥቂት ገንዘብ የሚገዛ ሰው መፈለግ ያለበት ከሁሉ የሚበልጠውን ዕቃ ሳይሆን ተመጣጣኙን ነው።

በፊቴ ሦስት መንገዶች ነበሩ። አንደኛው ዕቃውን ሁሉ አዲስ እየገዙ መገጣጠም ነው። ይህ መንገድ ከሁሉ የሚያምር ቢሆንም አዲስ ዕቃ የሚመጣው በዶላር ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ግድም ነበረ። በዚያ ቀን ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ 60,000 ብሬ ለዚህ መንገድ የሚበቃ አልሆነም። ሁለተኛው መንገድ ባለ መስታወትና ባለ ቀለም መብራት ሆኖ ተገጣጥሞ የሚሸጠው ነው። ውጭው እንደ ሙሽራ ያጌጠ ነው፤ በውስጡ ያለውን ስጠይቅ ግን ፕሮሰሰሩ ከ10 ዓመት በላይ የሆነው፣ የፓወር ሰፕላዩም ስም የማይታወቅ ሆኖ አገኘሁት። ለመብራቱ የሚከፈለው ገንዘብ አንዲት ነጥብ እንኳ አይቀባም። ሦስተኛው መንገድ በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ሲሠራበት ቆይቶ የሚመጣውን ኮምፒዩተር ገዝቶ ግራፊክስ ካርድ መጨመር ነው። እኔም ይህንን መረጥሁ።

ለዚህም ምርጫ ከመርካቶ እስከ ቦሌ ሱቅ ለሱቅ ዞርሁ። ከባለ ሱቆቹም አንዱ «ለወንድምሽ ነው የምትገዢለት?» ብሎ ጠየቀኝ። «ለራሴ ነው» ብዬ የፓወር ሰፕላዩን ዋት ስጠይቀው ግን በትሕትና ክዳኑን ከፈተልኝ። የማያውቅ ገዢ ይታዘንለታል ወይም ይታለላል፤ የሚያውቅ ገዢ ግን ይከበራል።

የቢሮ ኮምፒዩተር ሲመረጥ መታየት የሚገባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የፕሮሰሰሩ ትውልድ ነው። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በጠቅላላው 8ኛውን ትውልድና ከዚያ በኋላ ያሉትን ይጠይቃል፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። በዚህ ምክንያት 7ኛውን ትውልድ በጥቂት ሺህ ብር ርካሽ ባገኘውም ተውሁት፤ 6 ኮር ያለውን ኢንቴል ኮር አይ5-8500 ፈለግሁ። ሁለተኛው የሣጥኑ ቁመት ነው። ቀጭኑ ሣጥን ለጠረጴዛ ያምራል፤ ነገር ግን ቁመቱ ሙሉ የሆነ ካርድ አይገባበትም። ሦስተኛው ራሙ ነው። ሣጥኑ የመጣው 8 ጊጋባይት በሆነ አንድ ራም ስለ ነበረ ሌላ 8 ጊጋባይት ጨመርሁበት። ሁለት ራም በየመስመሩ ሲሰካ ፕሮሰሰሩ ከሁለቱም ባንድ ጊዜ ያነባል፤ በአንድ በር ይገባ የነበረ ሕዝብ በሁለት በር እንደሚገባ ማለት ነው። ዲዲአር4 የተባለው ራም በዲዲአር3 ወይም በዲዲአር5 ቦታ እንደማይገባም ማወቅ ያስፈልጋል።

ወደ ካርዱ ስመጣ የአባቴ ጥያቄ ረዳኝ። አንድ ማታ የዕቃዎቹን ስም በወረቀት ጽፌ ባሳየሁት ጊዜ «ከእነዚህ ውስጥ ሲበላሽ ሌላውን ይዞ የሚጠፋው የትኛው ነው?» አለኝ። መልሱ ፓወር ሰፕላይ ነው። ስለዚህ ካርዱን ከመምረጤ በፊት የኀይሉን ሒሳብ ሠራሁ። የገዛሁት ሣጥን ፓወር ሰፕላይ ከ250 ዋት አይበልጥም። የፕሮሰሰሩ ልክ 65 ዋት ነው፤ ለጊዜውም ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። ለማዘርቦርዱ፣ ለራሙ፣ ለኤስኤስዲውና ለማራገቢያዎቹ 40 ዋት ብንይዝ 105 ይሆናል። ታዲያ 150 ዋት የሚበላ ካርድ ብጨምር ፓወር ሰፕላዩን እስከ ጫፍ ማስጨነቄ ነው። ስለዚህ በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የወጣውን ጂቲኤክስ 1650 መረጥሁ። 4 ጊጋባይት የራሱ ማኅደር አለው፤ ከ75 ዋት አይበልጥም፤ ይህንንም ኀይል ከማዘርቦርዱ ስለሚወስድ ልዩ ገመድ አያስፈልገውም። ሆኖም ከዚሁ ስም ውስጥ ገመድ የሚጠይቁ ስለ አሉ እያዩ መለየት ነው።

ያገለገለ ካርድ ሲገዛ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኢቴሪየም የተባለው የዲጂታል ገንዘብ በመስከረም 2015 ዓ.ም. አሠራሩን ስለ ለወጠ፣ ለዚያ ሥራ ቀንና ሌሊት ሲነድዱ የኖሩ ብዙ ካርዶች ወደ ገበያ ወጥተዋል። ከዚህም የከፋ አለ፤ የአሮጌ ካርድ ስም በፕሮግራም ተለውጦ እንደ አዲስ ይሸጣል። እኔ ጂፒዩ-ዚ የተባለውን ትንሽ ፕሮግራም በፍላሽ ይዤ እዞር ነበር። በአንድ ሱቅ በጣም ርካሽ ካርድ ቀረበልኝ፤ ፕሮግራሙን ብከፍተው ከስሙ ፊት «የውሸት» የሚል ቃል አወጣ። አመስግኜ ወጣሁ። የገዛሁትን ግን እዚያው ሱቅ ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ጨዋታ አስከፍቼ ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳላለፈ፣ ማራገቢያውም እንዳልጮኸ አይቼ ነው የከፈልሁት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

በመጨረሻ ማንም ወጣት ሊገዛው የማይወደውን ዕቃ ገዛሁ፤ እርሱም ስታብላይዘር ነው። በሰፈራችን መብራት ሄዶ ሲመለስ ኀይሉ ከፍ ዝቅ ይላል። 42,000 ብር የፈሰሰበትን ሣጥንና ካርድ በ2,500 ብር ስታብላይዘር መጠበቅ አስተዋይነት ነው ብዬ አምናለሁ።

ወጪዬም እንደሚከተለው ነበር። ሣጥኑ 24,000፣ ካርዱ 18,000፣ ተጨማሪው ራም 2,500፣ 512 ጊጋባይት ኤስኤስዲ 4,500፣ ያገለገለ ሞኒተር 6,500፣ ስታብላይዘር 2,500፣ የፊደል ሰሌዳና ማውስ 1,500፣ ለታክሲ 500፤ ድምሩ 60,000 ብር። ዋጋ እንደ ቀኑ ስለሚለዋወጥ ለሚገዛ ሰው የሚጠቅመው ከቁጥሩ ይልቅ ክፍፍሉ ነው፤ ለካርዱ ያወጣሁት ከጠቅላላው ከሦስት አንድ እጅ እንኳ አልሞላም።

ዛሬ ይህ ኮምፒዩተር የፈለግኋቸውን ጨዋታዎች ያለ ችግር ያጫውተኛል። ታናሽ እኅቴ የእንግሊዝኛ ትምህርቷን ታጠናበታለች፤ እኔም የማስጠናቸውን ልጆች የሒሳብ ጥያቄ አዘጋጅበታለሁ። ከዚያም ከማገኘው ገንዘብ በየወሩ 1,000 ብር ለእናቴ እመልሳለሁ። ጣሪያው ገና ሙሉ በሙሉ አልተጠገነም፤ አባቴ ግን በምሥራቅ በኩል ያለውን አራት ቆርቆሮ በራሱ እጅ ለውጦታል። ያ ዕዳ ሳይከፈል ሌላ ካርድ ቢያምረኝም አልገዛም።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ እንደ እኔ በጥቂት ገንዘብ ለመግዛት ያሰባችሁ እንደ ሆነ ይህን አስታውሱ። አንደኛ፣ ሥራውን በቁጥር ዕወቁ። ሁለተኛ፣ ዕቃዎቹን አመጣጥኑ። ሦስተኛ፣ ካርድ ከመምረጣችሁ በፊት ፓወር ሰፕላዩን ጠይቁ። አራተኛ፣ ሳትፈትኑ አትክፈሉ። አምስተኛ፣ ገንዘቡ የማን ላብ እንደ ሆነ አትርሱ። ወላጆችም ልጃችሁ እንዲህ ያለ ነገር በለመናችሁ ጊዜ ወዲያው «ጨዋታ ነው» ብላችሁ ከመከልከላችሁ በፊት ሒሳቡን ሠርቶ እንዲያመጣ እዘዙት። ሒሳቡን ከሠራ ገና ዕቃው ሳይገዛ ትምህርቱን ጀምሯል፤ ካልሠራም ገንዘባችሁ በእጃችሁ ይቀራል።